ሰሊጡ የማን ነው? የባለገንዘቦች ቅደም ተከተል በመተማ ቆላ

በመተማና በዙሪያው ባለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ የብድር ዓመት የሚቆጠረው በሰሊጥ ነው። ገንዘቡ ክረምቱ ሊገባ ሲል ለእርሻ፣ ለዘርና ለአረም ይወጣል፤ የሚመለሰውም ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው በሂላ ቆሞ፣ ማለትም እርስ በርሱ ተደግፎ እንዲደርቅ ተደርጎ፣ ከዚያም ሸራ ላይ ተራግፎ በኩንታል ሲገባ ነው። በእነዚህ ወራት ውስጥ አንድ ባለሀብት ከባንክ፣ ከዘርና ከኬሚካል ነጋዴ፣ ከትራክተር ሻጭ፣ ከአራጣ አበዳሪና ከቀን ሠራተኞቹ ጋር የዕዳ ግንኙነት ሊፈጥር ይችላል፤ ዝናቡ ባጠረበት ዓመት ደግሞ ሁሉም በአንድ ክምር ሰሊጥ ላይ ይገናኛሉ። የባለገንዘብን፣ ማለትም ገንዘቡን የሚጠይቀውን ወገን መብት የሚያስጠብቅ ጠበቃ በዚህ አካባቢ ዋና ሥራው ክስ መመሥረት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ውጤቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ፍርድ ቤት ከመደረሱ ከብዙ ወራት በፊት፣ ዘሩ መሬት ሳይነካ በተሠራው ወይም ሳይሠራ በቀረው ሰነድ ነው።

በሌላ አገር አበዳሪ መጀመሪያ የሚመለከተው መሬቱን ነው። በኢትዮጵያ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በመያዣነት ሊቀርብ የሚችለው የመጠቀም መብቱ ብቻ ነው። የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 252/2009 የገጠር ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ የፈቀደ ሲሆን የፌዴራሉም የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 በዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። እርምጃው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በቆላው የአንድ ዓመት ሰሊጥ ከብዙ ዓመት የመጠቀም መብት ይልቅ በቶሎ ወደ ገንዘብ ስለሚለወጥ ልምድ ያለው አበዳሪ ዓይኑን የሚጥለው ምርቱ ላይ ነው።

ይህን በሕግ የሚቻል ያደረገው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። ቀደም ሲል በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የሚጸናው በመሠረቱ ዕቃው ከባለዕዳው እጅ ሲወጣ ነበር፤ ይህ ደግሞ ገና ላልበቀለ ሰሊጥ ትርጉም አልነበረውም። አዲሱ አዋጅ ንብረቱ በባለዕዳው እጅ እንዳለ፣ ወደፊት የሚገኝ ንብረት እንኳ ቢሆን፣ በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዶ መብቱን ለሦስተኛ ወገኖች የማሳወቁን ሥራ በብሔራዊ ባንክ ሥር ለተቋቋመው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሰጥቷል። በመርህ ደረጃ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይከፈለዋል፤ ውሉን ቀድሞ የፈረመው አይደለም።

ለምሳሌ አንድ ባለሀብት በግንቦት ከነጋዴ ዘርና ኬሚካል በዱቤ ወስዶ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ፈረመ፣ በሰኔ ደግሞ ባንክ በምርቱ ላይ የዋስትና መብቱን አስመዝግቦ አበደረው እንበል። ምርቱ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ነጋዴው በጊዜ ቢቀድምም ተራው ከባንኩ በኋላ ነው፤ ያለ ዘሩና ያለ ኬሚካሉ ያ ምርት ባይኖርም እንኳ። ይህ ለብዙ ነጋዴ ግፍ ሆኖ ይታየዋል፤ ይሁንና መዝገቡ ለእርሱም ክፍት ስለነበረ ቅሬታው በሕግ ፊት ክብደት አይኖረውም። ትራክተሩን በዱቤ የሸጠው ነጋዴ ግን የተሻለ ዕድል አለው፤ አዋጁ ለዕቃው መግዣ ዱቤ የሰጠ ሰው በጊዜው እስካስመዘገበ ድረስ በዚያው ዕቃ ላይ ከሌሎች የሚቀድምበትን መንገድ አስቀምጧል። ሰሊጡ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ከገባ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል፤ በመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996 መሠረት ከዚያ ወዲህ የሚሸጠውና በመያዣ የሚያዘው ደረሰኙ ስለሆነ ጠበቃው ስለ ክምሩ ሳይሆን ደረሰኙ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቃል።

ባንኮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ባለገንዘብ ሳሉግ እየተባለ የሚጠራው፣ ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች እንደሚቀድም ይደነግጋል። ይህ ቅድሚያ ከተመዘገበ መያዣ ጋር ሲጋጭ ማን ይበልጣል የሚለው ጠበቆችን የሚያከራክር ነጥብ ነው፤ በተግባር ግን ክርክሩን የሚፈታው ሰሊጡ ራሱ ነው። ፍሬው ሲደርስ ቆባው ስለሚፈነዳ አጨዳው ቀናት አይታገሥም፤ ሠራተኛው ሳይከፈለው ማጭዱን ካስቀመጠ ባንኩ ያስመዘገበው ዋስትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አስተዋይ የባንክ ጠበቃ የአጨዳውን ደመወዝ በብድር ውሉ ውስጥ ለብቻው ያስይዛል።

ከሰነዶቹ ጉድለቶች መካከል ተደጋግመው የሚታዩት ቀላል የሚመስሉት ናቸው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ይደነግጋል፤ በመተማ ቆላ ግን ብዙ ሺህ ብር በቃል ይለዋወጣል። የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ አይጸናም፤ ስለሆነም “ለሚመጣው ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ” የሚል ወረቀት ዋሱን እንጂ አበዳሪውን አይጠቅምም። የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ምዝገባም በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ብድሩ በየዓመቱ ሲታደስ ምዝገባው ግን ሳይታደስ የቀረበት ፋይል ከመደርደሪያ ቢወጣ አያስገርምም። አራጣ አበዳሪው በበኩሉ “እስከ ኅዳር ካልከፈለ ቤቱ የእኔ ይሁን” የሚል ቃል ያስገባል፤ ይህ ቃል ዕዳው ከመድረሱ በፊት የተስማሙበት ከሆነ በቁጥር 3060 መሠረት ዋጋ የለውም፣ ከ12 በመቶ የሚበልጠው ወለድም በቁጥር 2479 የተከለከለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን የተሰጠው ለባንክ እንጂ ለግለሰብ አበዳሪ አለመሆኑን ብዙዎች የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

በዚሁ ቆላ የሚሠራ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሁኔታ ከእነዚህ አበዳሪዎች ሁኔታ የከፋ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግንበኛ ሳይከፈለው ሲቀር በሠራው ሕንፃ ላይ መያዣ ማስመዝገብ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከሕግ የሚመነጭ መያዣ የሰጠው ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሻጭና ንብረት ለተካፈለ ወገን ነው። ስለዚህ በገንዳ ውሃ ከተማ መጋዘን የገነባ ተቋራጭ በውል መያዣ ካላስመዘገበ ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር እኩል ይሰለፋል፤ ለወረዳ ትምህርት ቤት የሠራውማ ትምህርት ቤቱን ሊያስሸጥ ከቶ አይችልም። የቀረው መከላከያ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል፣ ሥራው በተጠናቀቀበት መጠን በየደረጃው ማስከፈልና ክፍያ ሲቋረጥ ሥራውን ማቆም ነው።

ባለዕዳው ጨርሶ መክፈል ሲያቅተው የሚመጣው የኪሳራ ሥርዓት በ1952ቱ የንግድ ሕግ አምስተኛ መጽሐፍ የነበረ ሲሆን የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አሻሽሎታል። አሮጌው ሕግ ከሳሪውን ማፍረስ ላይ ሲያተኩር አዲሱ ድርጅቱ ሳይፈርስ ዕዳው አስቀድሞ እንዲዋቀርና ሥራው እንዲቀጥል የሚያስችሉ ሥርዓቶችን ጨምሯል። ሆኖም በቆላው የአንድ ሰው ኪሳራ ብቻውን አይመጣም፤ ዝናብ ሲጠፋ ባለሀብቱ፣ ያበደረው ነጋዴና ነጋዴውን ያበደረው ጭምር በአንድ ወቅት ይወድቃሉ፣ ሁሉም ደግሞ የኪሳራ ፋይል ለማስከፈት ወደ ፍርድ ቤት አይሄዱም። ባንኩ ብድሩን ለቀጣዩ ክረምት ሲያራዝም የሚፈጸመው ነገር ሕጉ ካሰበው መልሶ ማዋቀር ጋር ይቀራረባል፤ በተለይ የሚጎድለው ሌሎቹን ባለገንዘቦች ማሰሩ ነው። ጠበቃው ማራዘሚያውን ሲያዘጋጅ ዋሶቹ በጽሑፍ እንዲስማሙና ምዝገባው እንዲታደስ ካላደረገ ግን በሚቀጥለው ዓመት ባንኩ ተራውን ሊያጣ ይችላል።

ገዢው ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳኗ ገላባት ከሆነ ደግሞ የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት የዳኝነት ጥያቄ ይነሳል። የውጭ ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ይጠይቃል፤ በግልግል የተሰጠ ውሳኔ የተሻለ መንገድ አለው፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያም ሱዳንም የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የተደረገውን የ1958ቱን (እ.ኤ.አ.) የኒው ዮርክ ስምምነት ተቀብለዋል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ግን በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ የግልግል አንቀጽ የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት ማግኘቱ ራሱ አጠራጣሪ ስለሆነ፣ ከውሉ ይልቅ ዋጋ ያለው ኩንታሉ ኬላውን ሳያልፍ ገንዘቡ ባንክ መግባቱ ነው።