ጠገራ ብር፦ ከቪየና እስከ ጨንቻ

አርባ ምንጭ የወረቀት ብር ዘመን ልጅ ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋው ጨንቻ ወደ ቆላዋ አርባ ምንጭ ሲወርድ፣ ጠገራ ብር ከሕጋዊ መገበያያነት ከተሻረ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሊሞላው ነበር። ጨንቻ ግን ያን ከባድ ብር ታውቀዋለች።

ጠገራ ብር መልኩ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ነው፤ ማርትሬዛ የሚባለውም ለዚህ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ቢሞቱም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲቀረጽ ኖረ። የቀይ ባሕር ነጋዴ የለመደውን መልክ እንዲለውጡበት አይፈልግምና፣ በኋላ ሮምና ለንደን ሳይቀሩ ያንኑ ቀረጹ።

እስቲ አንዱን በእጃችን እንያዝ። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ጥሩ ብር ነው። በአንዱ ፊት ሻሽ የደፋች ሴት፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ተቀባዩ ከሁሉ በፊት ዓይኑን የሚጥለው ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ነው። ዙሪያውን ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ አልቆ የደበዘዘውን ይመልሳል። ወቄት የሚባለው መለኪያም የዚሁ ብር ክብደት ነበር። ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ነው ማለት ነው።

ችግሩ ትልቅነቱ ነበር። ለዕለት ሸመታ አንድ ጠገራ ብር ይበዛ ነበር። ስለዚህ አሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር፤ ጨው ከሚወጣበት ከአፋር ምድር እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወደድና በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ ቁጥሩ ያንስ ነበር። የጋሞ ጎረቤት ወላይታ ደግሞ ማርጩዋ በሚባል ብረት ይገበያይ ነበር።

አጼ ምኒልክ በፓሪስ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር አስቀረጹ፣ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ሕዝቡ ግን የለመደውን አልለቀቀም። ጣልያንም ሊሬውን ሊያስለምድ ሞክሮ አልሆነለትም። ግትርነት አልነበረም፤ ባላገሩ የሚያምነው በዓይኑ ቆጥሮ፣ በእጁ መዝኖ ያረጋገጠውን ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ መንግሥት ይህን ተረድቶ ነበር። ከወረቀቱ ጋር ከብር የተቀረጸ ሃምሳ ሳንቲም አብሮ አወጣ። ወረቀቱን እመኑ ብሎ ብቻ አልተወም፤ የሚጨበጥ መያዣ ሰጠ። ጠገራው ብር ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ፤ አንዳንዱ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ፣ አንዳንዱ ማንጠልጠያ ተበይዶለት አንገት ላይ ዋለ።

ስሙ ግን አልቀለጠም። በእንግሊዝኛ እስከ 1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዶላር ሲባል የቆየውን ገንዘብ እኛ ሁልጊዜም ብር ነው ያልነው። ዛሬ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሙዝ የሚገዛ ሰው «ስንት ብር ነው?» ሲል፣ እጁ ላይ ያለው ወረቀት ነው፤ የሚጠራው ግን አያቱ ዕንቁውን ቆጥረው የተቀበሉትን ነው።