የማበጠሪያ ብልጭታና የጭላሎ መብረቅ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት በገባ ጊዜ በዚያ ደጋ ነጐድጓድ ይበረታል፤ ከብትና በግ የሚጠብቁ ልጆችም በሜዳ ሳሉ ዝናም ይደርስባቸዋል። ስለዚህ የመብረቅን ጠባይ ማወቅ ለአርሲ ቤተ ሰብ የሕይወት ጉዳይ ነው። ትምህርቱንም መምህር በክፍሉ፣ ወላጅም በቤቱ፣ ያለ ብዙ ወጪ በሦስት ፈተና ሊያሳየው ይችላል። እርጥበት ኃይሉን ያባክነዋልና ፈተናው አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ ወራት ይደረግ።

መጀመሪያ፤ የፕላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ የሱፍ በርኖስ ደኅና አድርጎ አሽቶ ወደ ተቀዳደደ ስስ ወረቀት ማስጠጋት ነው። ወረቀቱ እየዘለለ ይጣበቅበታል። ምክንያቱም ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ከሱፉ ወደ ማበጠሪያው ስለ ተሻገሩ ነው። ስሙም የመጣው የጥንት ግሪኮች ሲያሹት ገለባ ይስብ የነበረውን የደነደነ የዛፍ ሙጫ ከሚጠሩበት ቃል ነው።

ሁለተኛ፤ ሁለት ፊኛዎች ነፍቶ ጎን ለጎን በክር ማንጠልጠልና ሁለቱንም በሱፍ ማሸት ነው። አንዱ ከሌላው ይሸሻል፤ አንድ ዓይነት ኃይል የያዙ ነገሮች ይገፋፋሉና።

ሦስተኛ፤ የብረት ማንኪያ በእጅ ይዞ በዚያው ሱፍ ማሸት ነው። ወረቀቱ አይነሣም። ብረቱ ኃይሉን ለእጅ፣ እጅም በገላ አሳልፎ ለምድር ያስረክባልና።

በደመናም ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ያው ነገር በታላቅ መጠን ይሆናል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ባቀረበው አሳብ መሠረት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1752 በፈረንሳይ አገር በተደረገ ፈተና መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑ ታወቀ። በ1753 ግን ሪክማን የተባለ ሊቅ በፒተርስበርግ ይህንኑ ሲመረምር በመብረቅ ሞተ። ስለዚህ ልጆች ከማበጠሪያው አልፈው ደመናን አይፈትኑ።

ነጐድጓድ ሲሰማ ከዛፍ ሥር መጠለል አይገባም፤ ዛፉን የመታው ኃይል ወደ ተጠለለው ሰው ይዘላልና። ጠንካራ ቤት ወይም ጣራው ብረት የሆነ ዝግ መኪና ይሻላል፤ ከመጨረሻውም ነጐድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ያስተማረን ማንኪያው ነው። መብረቅ የመታውን ሰው ኤሌክትሪክ በገላው ቀርቷል ብሎ መንካት መፍራት ከንቱ ነው፤ ኃይሉ ወዲያው ወደ ምድር አልፏል። ስለዚህ አደጋው ካለፈበት ስፍራ ፈጥኖ አድርሶ፣ ትንፋሽ ካጣ ደረቱን መሐል በሁለት እጅ በብርቱ እየደጋገሙ መጫን፣ አፍ ለአፍም መተንፈስና ሐኪም ማስጠራት ይገባል። ሰው በመፍራት የዘገየባት እያንዳንዷ ደቂቃ ለተመታው ውድ ናት።