ነገርን ከሥሩ

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በመግቢያ ምዕራፋቸው ከማይዘሉት ነገር አንዱ የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ነው። ጥናቱ ስለ ወባ ይሁን ስለ ጤፍ ገበያ፣ ስለ ባንክ ይሁን ስለ ልጃገረዶች ትምህርት፣ ያ ቁጥር ከፊት ይቀመጥና ከጎኑ በቅንፍ የአንድ ድርጅት ስምና ዓመት ይከተለዋል። በአንድ ወቅት የወጡ ጽሑፎችን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ግን ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በብዙ ሚሊዮን ሲለያይ ያገኘዋል። ሁሉም ዋቢ ጠቅሰዋል፤ የተጠቀሱትም ድርጅቶች የታወቁ ናቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በሀገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ የተገኘው ድምር 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ ከዚያ ወዲህ የምናነባቸው ቁጥሮች የተቆጠሩ ሳይሆኑ የተተነበዩ ናቸው። የሀገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያውን የሚሠራው በራሱ ስሌት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ስለ ወሊድ፣ ስለ ሞትና ስለ ፍልሰት የያዘው የራሱ ግምት አለው። ተማሪው ቁጥሩን ሲገለብጥ ይህን አላየም፤ ስለዚህ አንዱን ትንበያ ከሌላው ለምን እንደመረጠ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ይህን ያነሣሁት በቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎች የምንሰጠው ሥልጠና መታረም አለበት ብዬ ስለማምን ነው። በሥልጠናው ተማሪው ምንጭን የሚመዝንበት ዝርዝር ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ጸሐፊው ማን ነው፣ መቼ ታተመ፣ ማን አሳተመው፣ ለምን ዓላማ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቺኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ያዘጋጁት መመዘኛም ወቅታዊነትን፣ አግባብነትን፣ የጸሐፊውን ብቃት፣ ትክክለኛነትንና ዓላማን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ በብዙ ሀገር ኮሌጆች ተዛምቷል። ዝርዝሩ ከምንም ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ጥያቄዎቹ ተማሪውን እዚያው የተከፈተው ገጽ ላይ ማቆየታቸው ነው። የምንጩን መልክ ያስመረምራሉ እንጂ የተባለው ነገር መጀመሪያ ማን ዘንድ፣ በምን መረጃ እንደተባለ አያስጠይቁም። የሕዝብ ብዛቱ ቁጥር አምስቱንም መመዘኛ ያልፋል። በእኔ እምነት ምንጭን መመዘን ማለት ከሁሉ በፊት አንድን አባባል ወደ ተነሣበት ድረስ ተከትሎ መሄድ ነው። ካታሎግ ማንበብ፣ ዳታቤዝ መፈተሽ፣ የግርጌ ማስታወሻ መከተል የሚባሉት ችሎታዎችም ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። 45 ሰዎች ድረ ገጾችን ሲመዝኑ ተከታትለዋል፤ 10ሩ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው ምሁራን፣ 10ሩ መረጃ ማጣራት መተዳደሪያቸው የሆነ ባለሙያዎች፣ 25ቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነበሩ። ከቀረቡላቸው ነገሮች አንዱ የሁለት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ገጽ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ማኅበር ነው፤ ሁለተኛው በ2002 ከእርሱ ተለይቶ የወጣ አነስተኛ ቡድን። ስማቸው ይመሳሰላል፤ ገጻቸውም ሁለቱም ያማረ ነው። ከተማሪዎቹ የሚበዙት አነስተኛውን ቡድን ይበልጥ ታማኝ አሉት፤ ከታሪክ ምሁራኑም ጥቂት የማይባሉት ተሳሳቱ። መረጃ አጣሪዎቹ ግን አልተሳሳቱም። ከሌሎቹ የለያቸው ገጹን ወዲያው ትተው መውጣታቸው ነው፤ ስለ ማኅበሩ ሌሎች ምን እንዳሉ ለማወቅ ወደ ሌላ ምንጭ ሄዱ። ተማሪዎቹ የተማሩትን በትጋት ሠርተዋል፤ ከላይ እስከ ታች አንብበዋል፣ አርማውን አይተዋል፣ ዋቢውን ቆጥረዋል። ያሳሳታቸው የተማሩት ዘዴ ነው።

የገጽ መልክ የሚያሳስተው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው፣ በታወቁ የምርምር መጽሔቶች ዘንድ ስጋት የለም የሚል ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ የወጣችውን አጭር ደብዳቤ ማየት ይበቃል። ጄን ፖርተርና ሐርሸል ጂክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የጻፏት ይህች ደብዳቤ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ ሰዎች መካከል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸው 11,882 ሕሙማን መዝገብ ታይቶ፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ከሌላቸው ውስጥ በአግባቡ የተመዘገበ ሱስ የታየባቸው 4 ብቻ እንደሆኑ ትናገራለች። ከዚያ ያለፈ ነገር የላትም። እነዚህ ሰዎች በሐኪምና በነርስ ዓይን ሥር የነበሩ ናቸው፤ መድኃኒቱን ቤታቸው ወስደው ለወራት ስለሚውጡ ሰዎች ደብዳቤዋ አንዳች አልተናገረችም። ሆኖም በቀጣዮቹ ዓመታት ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ስትሸጋገር፣ መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም ለሚለው አባባል ማስረጃ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደብዳቤዋ 608 ጊዜ መጠቀሷን፣ ከጠቀሷትም 72 በመቶ የሚሆኑት ሱስ ብርቅ ነው ለማለት እንዳዋሏት፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን እንዳልገለጹ አሳይቷል። በአሜሪካ በእነዚህ መድኃኒቶች የደረሰው እልቂት ብዙ ምክንያት አለው፤ ይህ አባባል መደጋገሙም ድርሻ ነበረው። ጠቃሾቹ ዶክተሮች ናቸው፤ የጻፉባቸውም መጽሔቶች በባለሙያ የሚገመገሙ ናቸው። የትኛውም ዝርዝር ጥያቄ አይጥላቸውም። ደብዳቤዋን አውጥቶ ለማንበብ ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ እኛ ተማሪ ስንመለስ ይህን ዓይነት ክትትል የሚያሰናክሉ የራሳችን ነገሮች አሉ፤ ከሌላ ሀገር የመጣ የሥልጠና ሰነድ ደግሞ አንዱንም አያነሣቸውም። የኢትዮጵያ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው የአባት ነው። በእኛ ካታሎግ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ «ባሕሩ» ተብለው ይፈለጋሉ፤ በብዙ የውጭ ዳታቤዞች ግን «ዘውዴ» ተብለው ይቀመጣሉ። ይህን የማያውቅ ተማሪ መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል፤ ወይም አንዱን ጸሐፊ ሁለት ሰው አድርጎ በዋቢ ዝርዝሩ ሁለት ቦታ ያስገባል። ፊደላችንም ሌላ ፈተና ነው። ኃይለ ሥላሴ፣ ኀይለ ሥላሴ፣ ሀይለ ስላሴ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን፣ ሆን ተብሎ ካልተስተካከለ በቀር፣ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰነዱ በላቲን ፊደል ከሆነ ደግሞ ምኒልክም ቴዎድሮስም በብዙ ዓይነት ሆሄ ተጽፈው ስለሚገኙ አንድ ጊዜ ፈልጎ ማቆም ከንቱ ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ግን ከሁሉም በላይ አደገኛ አድርጌ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ድምፅ አያሰማም። በጥር 1967 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ የወጣው ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በደርግ ጊዜ ነው። ተማሪው 1967ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ካነበበው ግን ጽሑፉን በዘውዱ ዘመን ያስቀምጠዋል፤ ማን በማን ፊት እንደጻፈ፣ ምን መናገር ይችል እንደነበር፣ ምን እንደፈራ ሁሉ ተገልብጦ ይነበባል። እዚህ ላይ ሰነዱን መፈለግና ሰነዱን መመዘን አንድ ሥራ መሆናቸው ጎልቶ ይታያል። በሥልጠናችን ለያይተን ማስተማራችን ስሕተት ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ መምህራን የሚያነሡት የመጀመሪያው ነጥብ አቅም ነው። የምርምር መጽሔት በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ተማሪው ያለው ከቴሌግራም የወረደ ወይም ከኮፒ ቤት የተባዛ ነገር ብቻ ነው ይላሉ። እውነት አለው፤ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባስጀመረው ሂናሪ የተመዘገቡ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ማንበብ ይችላሉ፤ ለግብርናም አጎራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ነው፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚማር ይህ ሁሉ እኩል እንደማይደርስ አውቃለሁ። ዋናውን ሰነድ ማግኘት ያልቻለ ተማሪ ግን ያላነበበውን እንዳነበበ አድርጎ መጻፍ የለበትም፤ ሐሳቡን ያገኘው ከሌላ ሰው ጽሑፍ መሆኑን መግለጽ ይችላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሁሉንም ነገር እስከ ሥሩ የሚከታተል ሰው አንድ ገጽ ሳይጽፍ የመመረቂያው ጊዜ ያልፍበታል፤ ዕውቀት በመተማመን ነው የሚቆመው ይላሉ። ይህን ክብደት ሰጥቼ አየዋለሁ፤ ትክክልም ነው። እኔም ሁሉም ነገር ይከተል አልልም። የአዲስ አበባን ከፍታ ለመጥቀስ ማንም መነሻ ልኬት ፍለጋ አይሄድም። የጽሑፉ ክርክር የቆመበት ሁለት ወይም ሦስት አባባል ይኖራል፤ እነዚያ ቢወድቁ ጥናቱ ይወድቃል። መከተል ያለባቸው እነርሱ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ መለየትም ራሱ ተማሪው ክርክሩን መረዳቱን ያሳያል። በነገራችን ላይ የሰውን ዕውቀት ከማን እንደተቀበለ ጠይቆ መመዘን ለእኛ ባዕድ አይደለም። ባለቅኔው የዋሸራ ነው፣ የጎንጅ ነው፣ የዋድላ ነው ተብሎ በተማረበት ቤት ይለያል፤ በእስልምና ትምህርትም ሐዲሱ ከነተራኪዎቹ ሰንሰለት ይነገራል። ስለዚህ ምንጬ የአፍ ታሪክ ነውና መከታተያ የለኝም የሚለው ምክንያትም አያሳምንም። አባት ከማን ሰሙት፣ ራሳቸው አዩት ወይስ ተነገራቸው፣ ሌላ የሰማ ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያው ክትትል ነው።

ዛሬ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራልናል የሚል ተማሪ በዝቷል። ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ወደ ዋቢ ክፍል የሚመጡ ዝርዝሮች ውስጥ የጸሐፊ ስም፣ የመጽሔት ስም፣ ቅጽና ገጽ ተሟልቶላቸው በየትኛውም መደርደሪያ የማይገኙ ጽሑፎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኒው ዮርክ ጠበቆች በዚሁ መሣሪያ የተፈጠሩ፣ ያልተከሰቱ የፍርድ ቤት ጉዳዮችን ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እነዚያ ጥቅሶች ቅርጻቸው እንከን አልነበረውም። መልክን የሚመረምር ዝርዝር እንዲህ ባለው ነገር ፊት ፈጽሞ አቅም የለውም። ጉዳዩን ከመዝገብ ለማውጣት የሞከረ ሰው ግን እዚያው ይደርስበታል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያው ዓመት የትውውቅ ሳምንት አዳዲስ ተማሪዎችን አዳራሽ ሰብስቦ መደርደሪያ ማሳየት ብዙ አይረባም፤ ጥያቄ ያልያዘ ሰው መልስ ማግኛውን አያስታውስም። ሥልጠናው በትምህርቱ ውስጥ፣ ከአንድ የቤት ሥራ ጋር ተያይዞ መሰጠት አለበት። የአሜሪካ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን የብቃት ዝርዝር በ2016 ሽሮ ምርምርን እንደ ጥያቄ ፍለጋ በሚያይ ማዕቀፍ ተክቶታል፤ ከእነርሱ የምንወስደው ካለ ይህ ነው። መምህሩም ቢያንስ 20 ዋቢ ይኑር ማለቱን ይተው፤ ቁጥሩ ተማሪውን ያላነበበውን እንዲደረድር ያስገድደዋል። በምትኩ አንድ አባባል መርጦ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ በየደረጃው ምን እንደተጨመረና ምን እንደተጣለ ሁለት ገጽ ይጻፍ። ውጤቱ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያም ድምፅ ይኑረው።

የእኛም ዕዳ አለ። በካታሎጋችን ውስጥ አንዱን ስም በተለያየ ሆሄ የሚፈልግ ሰው አንድ ቦታ እንዲደርስ ማድረግ፣ ለእያንዳንዱ የአማርኛ መጽሐፍ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር መመዝገብ፣ የኢትዮጵያ ጸሐፊን በራሱ ስም አስቀምጦ ከውጭ አጻጻፉ ጋር ማገናኘት የተማሪ ሥራ አይደለም። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይህን ለትርፍ ጊዜ ይተዉታል፤ ራሱን የቻለ ሰው ተመድቦለት፣ በዓመታዊ ዕቅድና በጀት ውስጥ ገብቶ መሠራት ይኖርበታል።