«ወባ ነው» የተባለው ሕመም፦ ከአርባ ምንጭ የቲማቲም ማሳ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ ቲማቲም ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው? ሲታጠብ ይለቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ቲማቲሙ ወደሚለቀምበት ቦታ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ከእኛ ከበላተኞቹ በፊት የሚጎዳው ለቃሚው ነው።

አርባ ምንጭን የምታውቁ፣ ከከተማው ወጥታችሁ በዓባያ ሐይቅ በኩል ወደ ጫኖና ላንቴ ስትሄዱ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ሙዝ ነው። መሐል መሐሉን ግን በወንዝ ውሃ የሚለማ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ታገኛላችሁ። የቤተሰብ ማሳ ነው፤ ሠራተኛው አባት፣ እናትና ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ናቸው። ወደ ደጋው ጨንቻ ብትወጡ ጎመን፣ ካሮት፣ ፖም አለ፤ የዛሬው ወሬዬ ግን የቆላው ቲማቲም ነው።

ቲማቲም እንደ ጤፍ አንዴ ታጭዶ አያልቅም። በአንድ ጊዜ ስለማይቀላ በየጥቂት ቀኑ እየተመረጠ ለሳምንታት ይለቀማል። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። ፀረ-ተባይ ከተረጨ በኋላ ፍሬው ሳይለቀም መቆየት ያለበት ቀን ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ እንደ ኬሚካሉ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይሆናል። የቀላው ነገ ይለቀማል፣ አረንጓዴው ትል እንዳይበላው ዛሬ ይረጫል፤ ሁለቱም ያሉት አንድ ተክል ላይ ነው! ቅጠሉንም ፍሬውንም የሚቦረቡረው ቱታ አብሶሉታ የሚባል ተባይ አገራችን ከገባ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ርጭቱን ካበዙት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ደላላው ዋጋ ቆርጧል፣ አይሱዙው ጠዋት ይመጣል። በዚህ መሐል «ይህን ያህል ቀን ቆይ» የሚለውን ደቃቃ ጽሑፍ ማን ያነበዋል? ያውም በእንግሊዝኛ። አንዲት እናት «ዶክተር፣ ካልረጨሁ ትሉ ይበላዋል፣ ከቆየሁ ይበሰብሳል፤ ልጆቼስ ምን ይብሉ?» ብለውኛል። ምን ልበላቸው?

እዚያ አካባቢ ካከምኳቸው አንዱን ላንሳ (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። የ17 ዓመት ልጅ ነው። በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ሆኖ በጀርባ መርጫ ሲረጭ ዋለ። መርጫው ያንጠባጥብ ስለነበር ጀርባው በኬሚካል ርሷል። ማታ ራሱን አመመው፣ አስመለሰው፣ ላብ በላብ ሆነ። አገሩ የወባ አገር ነውና ቤተሰቡ «ወባ ነው» ብሎ ከባለፈው የተረፈ ኪኒን ሰጠው። በማግስቱ እኛ ጋ ሲደርስ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ጡንቻው ይርገበገባል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክላለች። ትኩሳት የለውም፤ የደም ምርመራውም ወባ አላሳየም። በአትሮፒን ታክሞ ዳነ፤ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ባክኗል።

ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ-ተባዮች ለመመረዝ የግድ መጠጣት የለባቸውም። በቆዳና በትንፋሽ ይገባሉ፤ የነርቭን መልእክት የሚያስቆመውን ኢንዛይም ስለሚያግዱ ነው ሰውነት ላብ፣ ምራቅና ተቅማጥ ማቆም የሚያቅተው። ስለዚህ ከርጭት በኋላ እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው በግምት ወባ ብሎ መተኛት የለበትም። ወዲያው ልብሱን ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ (የሚያጥበውም ሰው ጓንት ያድርግ)፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ወተት መጋት አይረዳም፤ ጣት ከቶ ማስመለስ ደግሞ ትንታ አምጥቶ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። የኬሚካሉን ዕቃ ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለሐኪሙ አሳዩ፤ ትልቅ እገዛ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልጨምር፦ ኬሚካል በሃይላንድ ገልብጦ ማስቀመጥ! ሕፃን ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ነጩ ነገር የደረቀ የርጭት ቅሪት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ አፈር ብቻ ነው። በሚፈስ ውሃ በእጃችሁ እያሻችሁ ስታጥቡት ከላይ ያለው አብዛኛው ይለቃል፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን አይለቅም። በ2017 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖም ላይ ሞክረው፣ ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ላዩ ላይ ያለውን በደንብ እንደሚያስለቅቅ አሳይተዋል። ለወጥ ከሆነ ልጣጩን መላጥም ይረዳል። በፈሳሽ ሳሙና ግን አትጠቡ፣ ፍሬው ሊመጠው ይችላል። ፈርታችሁም አትክልት እንዳትተዉ! የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ብዙዎቻችን ይህን አንሞላም።

ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ለጥየቃ ስትሄዱ ጓንትና ቦቲ ጫማ ያዙላቸው፤ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ይገባል።