ክራውን ቪክቶሪያ እና ፕሪየስ፦ ሁለት የታክሲ መኪኖች በዴንቨር ከፍታ

ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ እና እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ቶዮታ ፕሪየስ በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ተሳፋሪ ያመላለሱ ታክሲዎች ናቸው። በዴንቨርና በኦሮራ በዚህ ሥራ ከተሰማሩት ስደተኞች መካከል ኢትዮጵያውያን በርካታ ናቸው። በ2009 ሥራ የጀመረው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ሾፌሮቹ የሆኑት ዩኒየን ታክሲም ከአባላቱ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። ለባለታክሲ የመኪና ምርጫ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ጉዳይ ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ክራውን ቪክቶሪያ ይበልጣል። 4.6 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩ በኋለኞቹ ዓመታት ምርት ከ224 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ ይሰጣል። የፕሪየስ 1.5 ሊትር ሞተር ግን 76 ብቻ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር ተደምሮ 110 ይደርሳል። በክብደትም ፎርዱ ወደ 1.9 ቶን፣ ፕሪየስ ወደ 1.3 ቶን ይመዝናሉ።

ዴንቨር ላይ ግን ሒሳቡ እንዳለ አይቆይም። ዳውንታውን በሚገኘው የኮሎራዶ ካፒቶል ምዕራባዊ ደረጃ ላይ ከባሕር ወለል አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ከፍታን የሚያሳይ ምልክት አለ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር 15 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ፎርዱ ወደ 190 ይወርዳል። የፕሪየስ ቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ይዳከማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን አየር ስለማያስፈልገው ምንም አይጎድልበትም። እንዲያም ሆኖ ፎርዱ ፈጣኑ ነው፤ የጠበበው ልዩነቱ ነው። አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ስለምትል የቤንዚን ሞተር እዚያ የበለጠ ይጎዳል።

ዋናው ልዩነት ያለው ነዳጅ ላይ ነው። በመንግሥት መለኪያ ፎርዱ ከተማ ውስጥ በጋሎን 15 ማይል ገደማ፣ ፕሪየስ 48 ይሄዳሉ። ኮልፋክስ ጎዳናን ይዞ በዴንቨርና በኦሮራ መካከል ከመብራት መብራት ሲመላለስ 120 ማይል የዋለ ሾፌር በፎርዱ 8 ጋሎን፣ በፕሪየስ 2.5 ጋሎን ይፈጃል። ፕሪየስ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ፍሬን ሲያዝም የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። በፈጣን መንገድ ላይ ይህ ብልጫው ይቀንሳል።

ወደ ተራራው ሲወጣ ፕሪየስ ይቸገራል። በአይ-70 መንገድ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ እስካለው አይዘንሃወር ዋሻ ድረስ ዳገቱ ረጅም ነው፤ ትንሹ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ ሞተሩም እየጮኸ ብቻውን ይጎትታል። ፎርዱ እዚያ ይመቻል። በረዶ ሲጥል ግን ኃይሉ በኋላ ጎማ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ በፊት ጎማ የሚሄደው ፕሪየስ መሬት ይቆነጥጣል። ሻንጣ የበዛበት የኤርፖርት ተሳፋሪ ደግሞ የፎርዱን ሰፊ የዕቃ ቦታ ይመርጣል።

ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል፤ ገዢ መመርመር ያለበትም ይለያያል። ከ1996 እስከ 2001 በተሠሩት ፎርዶች የፕላስቲኩ የአየር ማስገቢያ ተሰንጥቆ የራዲያተር ውኃ ያፈሳል። በፕሪየስ ከኋላ ወንበር ጎን ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ ቀዳዳ በአቧራና በፀጉር ሲደፈን ባትሪው ግሎ ዕድሜው ያጥራል። ቀዳዳውን ማጽዳት ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ባትሪ መቀየር ግን ውድ ነው።