የዛገ የነዳጅ ታንክ፦ ማጽዳት ወይስ መለወጥ?



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስለ አንድ የዛገ የላሜራ ሣጥን ነው። ነገር ግን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በአሮጌ ተሽከርካሪ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የሚዘልቅ ሰው ሁሉ ሕይወቱን ለዚያ ሣጥን አደራ ሰጥቶ ነው የሚጓዘው። በቀድሞው ቮልስዋገን የነዳጁ ታንክ ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ነው። በአጭሩ የጥንት ላንድሮቨር ደግሞ ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ ሰው ቃል በቃል በቤንዚን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል።

ይህ አገር ከብረታ ብረት ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል፣ መንገድ እያስጠረጉ ነበር። መድፉ ከነሐስ የተሠራ ሲሆን ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። የመኪና ታንክ ግን ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ላሜራ ነው። በፋብሪካ ብዙውን ጊዜ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ይቀባ ነበር፤ ያ ቅብ አንድ ቦታ ላይ ከተነሣ ግን ብረቱ ለዝገት ይጋለጣል።

ዝገት እንዲፈጠር ብረት፣ ኦክስጅንና ውሃ መገናኘት አለባቸው። ቤንዚን ብቻውን ብረትን አያዝግም። ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣል? የተለመደው መልስ «ከጉሙ ነው» የሚል ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ ታንኩ ይተነፍሳል፤ እርጥበትም ይስባል ይባላል። አባባሉ እውነት አለው፤ መጠኑን ግን እናስላ።

ግማሹ ባዶ የሆነ የ40 ሊትር ታንክ 20 ሊትር አየር ይይዛል። ሙቀቱ ከ25 ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ አየሩ በ7 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ስለዚህ 1.3 ሊትር ያህል አየር ከውጭ ይገባል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት 10 ግራም ገደማ ቢሆን፣ በአንድ ሌሊት የሚገባው ውሃ 13 ሚሊ ግራም ነው። በዓመት ቢደመር 5 ግራም አይሞላም፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በአንጻሩ ቤንዚን ደጅ ከዋለ በርሜል ወይም ባልደረቀ ጀሪካን ሲቀዳ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቢቀላቀልበት፣ ያ በአንድ ጊዜ የገባ የ20 ዓመት ጉም ማለት ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዝገቱም ከታንኩ ወለል ይጀምራል። እንግዲህ ከማጽዳትም ከመለወጥም በፊት የሚቀድመው የጀሪካኑ ንጽሕና ነው።

ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ሦስት እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ይፈነቀላል፣ ይረግፋል፣ ፊልትሮውን ይደፍናል፣ ካርቡራተሩንም ይዘጋል። ሞተሩ በሜዳ ደኅና ሠርቶ ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ጨጨሆ ላይ፣ ቢጠፋ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ዳገት ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል፣ የተደፈነው ፊልትሮ ግን ያን ያህል አያሳልፍም። ፊልትሮ ብቻ እየለወጠ የሚነዳ ሰው ምልክቱን እንጂ በሽታውን አያክምም።

ወደ ማጽዳቱ እንለፍ። ታንኩ ባትሪው ከተፈታ በኋላ፣ ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይወርዳል። ነዳጁ ይቀዳል፤ ውስጡ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ ንጹሕ ጠጠር ወይም አጭር ሰንሰለት ከውሃ ጋር ጨምሮ መናጥ ልቅ የሆነውን ዝገት ያራግፋል። የቀረውን አሲድ ያሟሟዋል። አንዳንድ ባለሙያዎች የባትሪ አሲድ ይጨምራሉ፤ ይህን አልመክርም። ሰልፈሪክ አሲድ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን ይበላል፣ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅንም ያወጣል። ገር የሆነው ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ፣ ይበቃል። ለ40 ሊትር ሙቅ ውሃ 2 ኪሎ ግራም ዱቄት 5 በመቶ የሚሆን ውሁድ ይሰጣል። ውሁዱ አንድ ሌሊት ያድራል፤ በማግስቱ ይደፋና ታንኩ አሲዱን በሚያረክስ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር በሞቀ አየር ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የተራቆተ ብረት በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደገና ይዝጋልና። ከደረቀ በኋላ ወዲያውኑ በነዳጅ ይሞላል ወይም በቀጭን ዘይት ይለቀለቃል።

ማጽዳት መቼ ከንቱ ይሆናል? ታንኩ ከታጠበ በኋላ ወለሉን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ላሜራው ከሰመጠ ወይም ከተበሳ ዝገቱ ብረቱን ተክቶታል ማለት ነው። ካልተበሳ ደግሞ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ላብ ያወጣ ስፌት ካለ አመኔታ አይጣልበትም። እንዲህ ያለ ታንክ የሚያስፈልገው መለወጥ ነው።

ብዙዎቻችን ግን በዚህ ጊዜ ወደ በያጅ እንሄዳለን። በተለማማጅነት ዘመኔ በሠራሁበት አንድ ጋራዥ፣ ሁለት ጊዜ በውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የዋለ ታንክ ለብየዳ ቀረበ። ዋናው ሠራተኛ አሽትቶ «ነጽቷል» አለ። እሳቱ በነካው ቅጽበት የታንኩ ጎን ተገንጥሎ ጣሪያውን መታ። ከእኛ ከተለማማጆቹ አንዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጆሮው አይሰማም። ሠራተኛው ግዴለሽ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጎ ነበር። የጎደለው አንድ ስሌት ነው።

ስሌቱም ይህ ነው። የቤንዚን ተን ከአየሩ 1.4 በመቶ ከሆነ ይቀጣጠላል። በ40 ሊትር ታንክ ይህ 0.56 ሊትር ተን ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ ይህን ተን ለማውጣት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቤንዚን ይበቃል፤ ይህም የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል ነው። ያን ያህል ቤንዚን በስፌቱ ውስጥና በዝገቱ ቀዳዳዎች ተደብቆ ሊቀር ይችላል። አፍንጫ አያገኘውም፤ የብየዳው ሙቀት ግን ያወጣዋል። ስለዚህ በእንፋሎት በሚገባ ያልታጠበና አየሩ በማይቀጣጠል ጋዝ ያልተተካ ታንክ አይበየድም። ይህ መሣሪያ በሌለበት ከተማ ትክክለኛው ውሳኔ ብየዳውን መተው ነው።

ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከመርካቶ ምናለሽ ተራና ከመሰል ገበያዎች ያገለገለ ታንክ መፈለግ ነው፤ እርሱም በዚያው ፈተና ማለፍ አለበት። ሁለተኛው የባትላሜራ ባለሙያ ነዳጅ ነክቶት ከማያውቅ አዲስ ላሜራ በልኩ እንዲሠራው ማድረግ ነው። አዲስ ላሜራ መበየድ የፍንዳታ ስጋት የለውም። ባለሙያው ነዳጁ እንዳይናጥ የሚከለክሉትን ውስጣዊ ክፍልፋዮች፣ የአየር መተንፈሻውንና ከታች የማፍሰሻ ቡሎኑን እንዳይዘነጋ አደራ ማለት ይገባል። ፕላስቲክ ጀሪካን በመኪናው ውስጥ አስሮ በጎማ ቱቦ ነዳጅ መስጠት ግን ከሦስተኛ አማራጭ የሚቆጠር አይደለም፤ ተኑን ተሳፋሪው ወዳለበት ማምጣት ነው።

አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች «የመጀመሪያው አካሉ ካልሆነ ዋጋው ይወርዳል» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን የመኪናውን መልክ የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ የታንኩን ወለል የሚያየው የለም። አሮጌው ታንክ ለመታሰቢያ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ወደ ወገዳ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ትመለሳላችሁ። እዚያ ካሉት ባለሙያዎች የምትማሩት ብዙ ነው፤ እጃቸው ከእኛ እጅ ይልቅ ብረትን ያውቃል። በምላሹ ይህችን የግማሽ ማንኪያ ስሌት ውሰዱላቸው።