የመስኖ ውሃና የአፈር ጥበቃ ትምህርት

አፈር የሚሸረሸረው በክረምት ጎርፍ ብቻ አይደለም። በአዊ ዞን በግምጃ ቤት አካባቢ ባለው ተዳፋት መሬት፣ በበጋ ከወንዝ ተጠልፎ በትልም የሚለቀቅ ውሃም ለም አፈርን ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። የውሃው ጉልበት የሚወሰነው በትልሙ ቁልቁለትና በሚለቀቀው ውሃ ብዛት ነው። ስለሆነም ትልሙ ለተዳፋቱ አግድም እንዲሆን፣ ውሃው በመጠኑ እንዲለቀቅ፣ የትርፍ ውሃው መውረጃም ሣር እንዲለብስ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከ1 ሄክታር ማሳ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ ጉዳቱ ለዓይን አይታይም፤ ሆኖም የታጠበው አፈር 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። መምህራን ከትልሙ መግቢያና መውጫ ውሃ በሁለት ጠርሙስ አስቀድተው እስኪጠልል ቢያቆዩት፣ ተማሪዎች ዝቃጩን አነጻጽረው ማሳው አፈር ማጣት አለማጣቱን ራሳቸው ይረዳሉ። የትምህርት ዕቅድ አዘጋጆችም ይህ ሙከራ በመስኖ ወቅት እንዲከናወን የጊዜ ሰሌዳውን ማመቻቸት ይገባቸዋል።